የከዋክብት መጠነ ቁስና የሩቅ ጋላክሲዎች ምርምር

የአንድ ኮከብ ዕድሜ፣ የብርሃኑ ኃይልና የመጨረሻ ዕጣው በአብዛኛው የሚወሰኑት ሲፈጠር በያዘው መጠነ ቁስ ነው። ስለሆነም በአንድ ጋላክሲ ውስጥ ስንት ታላላቅ፣ ስንትስ ታናናሽ ከዋክብት እንደሚፈጠሩ ሳይታወቅ የጋላክሲውን ታሪክ በትክክል መረዳት አይቻልም። ይሁንና በሩቅ ጋላክሲዎች የሚገኙ ከዋክብት አንድ በአንድ የሚቆጠሩ አይደሉም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ተመራማሪዎች ይህን ችግር ለመወጣት የተከተሉትን መንገድና መንገዱ ያስነሣውን ጥያቄ በአጭሩ ማስረዳት ነው።

ከዋክብት የሚፈጠሩት ከቀዝቃዛ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። ደመናው በራሱ የስበት ኃይል እየተኮማተረ ሲሄድ ወደ ብዙ ክፍልፋዮች ይለያያል። የክፍልፋዩ እምብርት ግሎ ሃይድሮጂንን ያለማቋረጥ ወደ ሂሊየም ለመለወጥ ሲበቃ ኮከብ ሆነ ይባላል፤ ለዚህም ቢያንስ የፀሐይን መጠነ ቁስ 8 በመቶ ያህል መያዝ አለበት። ጋዙ ሞቃት ከሆነ ግፊቱ ስበትን ስለሚቋቋም፣ ሊኮማተር የሚችለው ክፍልፋይ የግድ ከፍ ያለ መጠነ ቁስ ያለው ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1955 ኤድዊን ሳልፒተር የተባለው ሊቅ በፀሐይ አካባቢ ያሉትን ከዋክብት መሠረት በማድረግ አንድ ደንብ አቀረበ። በደንቡ መሠረት፣ ከፀሐይ ከ1 እስከ 2 እጥፍ መጠነ ቁስ ያላቸው 22 ያህል ከዋክብት ሲፈጠሩ፣ ከ10 እስከ 20 እጥፍ ያላቸው የሚፈጠሩት 1 ያህል ብቻ ናቸው። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደንቡ ከፀሐይ ግማሽ በታች የሆኑትን ከዋክብት ከልክ በላይ እንደሚያበዛ ቢያሳዩም፣ ለታላላቆቹ ግን ዛሬም መነሻ ሆኖ ያገለግላል።

ከፀሐይ 10 እጥፍ መጠነ ቁስ ያለው ኮከብ ብርሃኑ በሺህ እጥፎች ይበልጣል። ነገር ግን ፀሐይ 10 ቢሊዮን ዓመት ያህል ስትኖር፣ እርሱ የሚቆየው ጥቂት አሥር ሚሊዮን ዓመታት ነው። ከዚህም የተነሣ ከዋክብት በብዛት ከሚፈጠሩበት ጋላክሲ የሚደርሰን ብርሃን አብዛኛው የጥቂት ታላላቆች ነው፤ የሚበዙት ታናናሾች ግን ተሸፍነው ይቀራሉ። ይህም የአንድን ከተማ ሕዝብ ብዛት በሌሊት ከሩቅ በሚታዩ ጥቂት ትልልቅ መብራቶች እንደ መገመት ያህል ነው። ተመራማሪዎች የጎደለውን ሲሞሉ የቆዩት በአካባቢያችን የተገኘው ምጣኔ በሁሉም ስፍራ አንድ ነው በሚል ግምት ነበር። ግምቱ ከተሳሳተ የሩቅ ጋላክሲዎች ክብደትም ሆነ የከዋክብት አፈጣጠራቸው ፍጥነት ስሌት ይሳሳታል።

ግምቱን የሚፈታተኑ ማስረጃዎች ቀርበዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቫን ዶኩምና ኮንሮይ በሰንቡላና በኮማ የጋላክሲ ስብስቦች የሚገኙ ሞላላ ጋላክሲዎችን የብርሃን ስፔክትረም መርምረው፣ ታናናሽ ከዋክብት ከተጠበቀው በላይ መብዛታቸውን የሚጠቁም ምልክት አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ 160,000 የብርሃን ዓመት ያህል በሚርቀው በትልቁ የማጄላን ደመና፣ ታራንቱላ በተባለው ክፍል፣ ከፀሐይ 30 እጥፍ በላይ የሆኑት ከዋክብት ከተጠበቀው በሲሶ ያህል በልጠው ተገኙ። በዚያው ዓመት በቺሊ በረሃ ባለው አልማ ቴሌስኮፕ፣ ብርሃናቸው ከ10 ቢሊዮን ዓመታት በፊት የተነሣ አቧራማ ጋላክሲዎች ተጠኑ። በጋዛቸው ውስጥ በአብዛኛው ከታላላቅ ከዋክብት የሚመነጨው ኦክስጂን 18፣ በአብዛኛው ከአነስተኞቹ ከሚመነጨው ካርቦን 13 አንጻር ከፍ ብሎ በመገኘቱ፣ በዚያ የታላላቆቹ ድርሻ የበለጠ እንደነበረ ተገመተ።

እነዚህ ውጤቶች ወደ ተለያየ አቅጣጫ የሚያመለክቱ ከመሆናቸውም በላይ፣ የሩቆቹ በተዘዋዋሪ መንገድ የተገኙ ስለሆኑ ክርክሩ አልተዘጋም። ለመምህራንና ለተማሪዎች የሚሰጡት ትምህርት ግን ግልጽ ነው፤ ይኸውም በቅርብ የተረጋገጠ ደንብ ለሩቁ የሚያገለግለው፣ በሩቁም ተፈትኖ ሲጸና ብቻ መሆኑ ነው።