በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የጌዴኦ ዞን ነዋሪ ወደ 850 ሺህ ተጠግቶ ነበር። የዞኑ ስፋት ግን 1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ማለት ነው፤ ከወቅቱ የአገሪቱ አማካይ አሥር እጥፍ። አብዛኛው ሰው ደግሞ ገበሬ ነው፤ አገሩም ተዳፋት። በተለመደው ስሌት ቢሆን አፈሩ ታጥቦ ካለቀ በሰነበተ ነበር። ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ የሚጓዝ ሰው ግን ግራ ቀኙን የሚያየው ጫካ ነው፤ ጫካው እርሻ መሆኑን ካልነገሩት አያውቅም።

የተለመደው ስሌት የቶማስ ማልተስ ነው። እንግሊዛዊው ቄስ እ.ኤ.አ. በ1798 ሕዝብ እየተባዛ፣ ምግብ ግን እየተደመረ ብቻ ያድጋልና ረሃብ አይቀሬ ነው ሲል የዓለም ሕዝብ ገና 1 ቢሊዮን አልሞላም ነበር። በ2022 ግን 8 ቢሊዮን ደረሰ። አሜሪካዊው ፖል ኤርሊክ በ1968 ያንኑ ስጋት ቀሰቀሰ፤ በ1980 ከኢኮኖሚ ባለሙያው ጁሊያን ሳይመን ጋር በአምስት ማዕድናት ዋጋ ተወራረደ። ከአሥር ዓመት በኋላ ዋጋቸው ረክሶ ተገኘና 576 ዶላር ከፈለ። ይህ ውርርድ እስከ ዛሬ የክርክር ማጣፈጫ ነው። ለእኔ ግን ብዙም አይነግረኝም፤ መዳብና ቆርቆሮ አይበላም።

የጌዴኦ መልስ የሚበላ ነው። ከላይ እንደ ዋንዛና ብርብራ ያሉ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ በጥላው ቡና፣ ዝቅ ብሎ ጎመንና ጎደሬ። በሬ ጠምዶ ማረስ የለም፤ አፈሩ ሥር እንደያዘው ይኖራል። እንሰትን ያጠኑ ሰዎች ከ40 እስከ 60 ተክል አምስት ስድስት ሰው ያለበትን ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ ይመግባል ይላሉ። ከእንሰት የሚሠራው ቆጮ ፕሮቲን የለውም ማለት ይቻላል፤ ባቄላና ወተት ካልታከለበት ሆድ ሞልቶ ሰውነት ይጎዳል። ቢሆንም ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ያለ ምክንያት አይደለም።

ታዲያ ጌዴኦ ወሰን የለውም? አለው፤ ወሰኑም ያለው እንሰቱ ላይ ነው። እንሰት እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ጓሮ ውስጥ ችግኙም፣ ጎረምሳውም፣ የደረሰውም ጎን ለጎን መቆም አለባቸው። አባት መሬቱን ለልጆቹ ሲያካፍል፣ እነሱም ለልጆቻቸው ሲያካፍሉ፣ ይህ ተራ ይፋለሳል። የቸገረው ያልደረሰውን ይቆርጣል፤ ያልደረሰው ደግሞ ትንሽ ቆጮ ስለሚሰጥ ዘንድሮ ለመብላት የከርሞው ይነካል። ብዙ ጌዴኦዎች ከትውልድ በፊት ጀምሮ ወደ ጎረቤት ጉጂ የሄዱት መሬት ፍለጋ ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ መካከል በተነሳው ግጭት ብዙ መቶ ሺህ ሰው ከዚያ ተፈናቅሎ ወደ ጌዴኦ ሲመለስ የጠበቀው ያው ጠባብ ጓሮ ነበር። ግጭቱን የመሬት ጥበት ብቻ ወለደው አልልም፤ ፖለቲካውን ነጻ ማውጣት ይሆናል።

የወሊዱ ነገር በበኩሉ ተለውጧል። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የአገሪቱ የሕዝብ ፖሊሲ አንዲት እናት በአማካይ የምትወልደውን ከ7.7 ወደ 4 ለማውረድ የያዘው ቀነ ገደብ እ.ኤ.አ. 2015 ነበር፤ በ2016 የተደረገው ጥናት 4.6 አገኘ። በዚያው ጥናት አዲስ አበባ ላይ 1.8 ነበር፤ ሴት ልጅ ትምህርት ላይ ስትቆይ፣ የቤት ኪራይም ሲከብድ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው ሰው ይቀንሳል። የተባበሩት መንግሥታትም የዓለም ሕዝብ በ2080ዎቹ አጋማሽ 10.3 ቢሊዮን ገደማ ደርሶ መቀነስ ይጀምራል ብሎ ይተነብያል።

የጌዴኦ ወጣት ግን ተወልዶ አድጓል፤ ትንበያው ለእሱ አልደረሰለትም። ሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ድንጋጌው ችግር የጠናበትን ገበሬ መሬቱን በርካሽ ከመጣል ይጠብቀዋልና ይነሳ ለማለት አልደፍርም። ግን ከተማ ገብቶ መሥራት ለሚፈልገው ልጅ መነሻ ገንዘብ አይሆነውም። ስለዚህ ድርሻውን ለወንድሙ ትቶ ባዶ እጁን ይሄዳል፣ አለዚያም ለሦስተኛ ጊዜ በተከፈለው ጓሮ ጎጆውን ይቀልሳል።