የጣና ዳርቻ ክረምት፦ የዓመቱ ዓሣ የሚወሰንባቸው ወራት

ክረምት በአብዛኛው የአገራችን ክፍል የእርሻና የዘር ወቅት መሆኑ ይታወቃል። በጣና ሐይቅ ዳርቻ ለሚገኙት ለባሕር ዳር፣ ለጎርጎራ፣ ለደልጊ፣ ለቁንዝላና ለሌሎች አነስተኛ ከተሞችና መንደሮች ግን ክረምት ተጨማሪ ትርጉም አለው። ከሐምሌ ጀምሮ እስከ ጥቅምት መግቢያ ባለው ጊዜ የሐይቁ ነጭ ዓሣ ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ይወጣል። በእነዚህ ወራት በወንዞቹ መግቢያ ላይ የሚፈጸመው ሥራ በቀጣዮቹ ዓመታት አስጋሪው በመረቡ የሚያገኘውን የዓሣ መጠን በአብዛኛው ይወስናል። በመሆኑም በሐይቁ ዙሪያ ያሉ የአስተዳደር አካላትና የግብርና ባለሙያዎች ወቅቱን በሚገባ ሊያውቁት ይገባል።

ሐይቁና ገባር ወንዞቹ

ጣና በአገራችን በስፋቱ ቀዳሚ የሆነ የተፈጥሮ ሐይቅ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ስፋቱ ወደ 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ስፋቱ ይህን ያህል ይሁን እንጂ ጥልቀቱ አነስተኛ ነው፤ እጅግ ጥልቅ በሚባለው ስፍራ እንኳን ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም።

ወደ ሐይቁ ከሚገቡት በርካታ ወንዞችና ጅረቶች መካከል ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ዋነኞቹ ናቸው። ግልገል ዓባይ ከሰከላ፣ ጉማራና ርብ ከጉና ተራራ፣ መገጭ ደግሞ ከጎንደር አካባቢ ከፍተኛ ቦታዎች ይነሣሉ። የሐይቁ ውኃ በግንቦትና በሰኔ ዝቅተኛ መጠን ላይ ይደርስና፣ የክረምቱን ዝናብ ተከትሎ በመስከረምና በጥቅምት ከፍተኛ መጠኑ ላይ ይገኛል። በዚህ ጊዜ የፎገራና የደንቢያ ሜዳዎች በከፊል በውኃ ይሸፈናሉ። የውኃው መሙላት ለሩዝ እርሻና ለግጦሽ የሚሰጠው ጥቅም እንዳለ ሆኖ፣ በ1998 ዓ.ም ክረምት እንደታየው ከመጠን ሲያልፍ የብዙ ሰዎችን መፈናቀል ያስከትላል።

በክረምት የዳርቻው ኑሮ

በሐይቁ ዳርቻ የክረምት ወራት የሥራና የበዓል ጊዜያት ናቸው። አዝመራው ገና ያልደረሰበትና የጎተራው እህል የሚያልቅበት ወቅት በመሆኑ፣ ጥሬ ገንዘብ ለማግኘት ወደ ሐይቁ የሚሄደው ሰው ቁጥር ይጨምራል። ትምህርት ቤቶች የሚዘጉበት ጊዜ ስለሆነም ወጣቶች ወላጆቻቸውን በማስገሩ፣ ዓሣውን በማጽዳቱና በመሸጡ ያግዛሉ። ለመስከረም የሚያስፈልገው የደብተርና የልብስ ወጪ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የሚሸፈነው ከዚሁ ገቢ ነው።

ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚጾመው የፍልሰታ ጾም የሚውለው በዚሁ ወቅት ነው። ዓሣን በጾም ወቅት የሚመገቡ እንዳሉ ሁሉ የማይመገቡም አሉ። ያም ሆኖ ሥጋና ወተት ከገበታ በሚነሡበት ጊዜ የከተማው የዓሣ ፍላጎት ከፍ ይላል። ነሐሴ 13 በሚከበረው የቡሄ በዓል ሕፃናት ጅራፍ ሲያጮሁና በየደጁ እየዞሩ ሙልሙል ሲቀበሉ፣ በዳርቻው ያለው አስጋሪ ደግሞ ማዕበሉ ጋብ የሚልበትን ሰዓት ይጠባበቃል። በኡራ ኪዳነ ምሕረትና በሌሎች የሐይቁ ገዳማት ሱባኤ የሚገቡ ምእመናንም በጀልባ የሚመላለሱት በእነዚሁ ቀናት ነው።

የክረምቱ ነፋስና ማዕበል በውኃ ላይ ለሚሠራ ሰው አደገኛ ነው። በተለይ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ለረጅም ዘመን የሐይቁ ዋና መጓጓዣና ማስገሪያ ሆኖ ያገለገለ ሲሆን፣ ደንገሉ ውኃ ስለሚጠጣ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ወደ ዳር ተስቦ መድረቅ ይኖርበታል። ፀሐይ በማይገኝበት ክረምት ታንኳው በወጉ ስለማይደርቅ ይከብዳል፤ የአገልግሎት ዕድሜውም ያጥራል። የደንገሉ ስፍራ በእርሻ መስፋፋት ምክንያት እየጠበበ መምጣቱ ደግሞ በዚህ ሙያ የሚተዳደሩትን ቤተሰቦች ችግር አባብሶታል።

ነጭ ዓሣ ወደ ወንዝ የሚወጣበት ምክንያት

በጣና ለገበያ የሚቀርቡት ዓሦች በዋነኛነት ሦስት ዓይነት ናቸው። እነዚህም ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። የሦስቱ አረባብ የተለያየ መሆኑን መገንዘብ ለቁጥጥር ሥራው መነሻ ይሆናል።

ቀረሶ የሚራባው በዚያው በሐይቁ ውስጥ፣ ሣርና ደንገል ባለበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ነው። እናቲቱ እንቁላሎቿንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ስለምትጠብቅ ብዙዎቹ ለማደግ ይበቃሉ። አምባዛ ደግሞ ዝናቡን ተከትሎ በውኃ ወደ ተሸፈኑት ሜዳዎችና ረግረጋማ ቦታዎች ወጥቶ ይራባል።

ነጭ ዓሣ በሚል የጋራ ስም የሚታወቀው አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎች ባደረጉት ጥናት በዓለም ላይ ከጣና በስተቀር በሌላ ስፍራ የማይገኙ 15 ያህል ትልልቅ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች መኖራቸው ተረጋግጧል። ከእነዚህ መካከል ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚመገቡ ናቸው። ከዝርያዎቹም ቢያንስ ሰባቱ ለመራባት ወደ ወንዞች ይወጣሉ። የሚፈልጉትም ንጹሕ፣ ፈሳሽና በቂ አየር ያለው ውኃ እንዲሁም ጠጠር ያለበት የወንዝ ወለል ነው። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ተጠብቆ የሚፈለፈለው ደለል ካላለበሰው ብቻ ነው።

ዓሦቹ ወደ ላይኛው የወንዝ ክፍል ከመውጣታቸው አስቀድሞ በወንዙ መግቢያ ይሰበሰባሉ። ጉዞው በነሐሴና በመስከረም ይበረታል። በሰፊው ሐይቅ ተበታትኖ የነበረው ዓሣ በጥቂት ሜትር ስፋት ባለው መተላለፊያ ስለሚከማች፣ በሌላ ጊዜ የብዙ ቀን ድካም የሚጠይቀውን ያህል በአንድ ሌሊት ማስገር ይቻላል። አስጋሪው በክረምት ወደ ወንዝ መግቢያ የሚሳበው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ በዚያ የሚያዘው እያንዳንዱ እንስት ዓሣ በሆዱ ያለውን በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ሳይጥል የሚወጣ ነው።

የታየው መመናመን

እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ በጣና የነበረው አስገራ በአብዛኛው በደንገል ታንኳና በአነስተኛ መሣሪያ የሚከናወን፣ ከዳርቻው ብዙም የማይርቅ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ሐይቁ እንዲገቡ ተደረገ። አስጋሪዎችም በማኅበር ተደራጁ፤ ዓሣውም ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ገበያ መቅረብ ጀመረ። ይህ እርምጃ የብዙ ሰዎችን ኑሮ መለወጡ አይካድም።

ይሁን እንጂ በ1980ዎቹ መጀመሪያና በ1990ዎቹ መግቢያ የተደረጉትን የናሙና ጥናቶች በማነጻጸር፣ ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሳቸው ታውቋል። ወጣት ዓሦች ደግሞ ከዚያም በላቀ መጠን ቀንሰዋል። በዚያው ጊዜ፣ በዚያው ሐይቅና በተመሳሳይ መረብ ይሰገሩ የነበሩት ቀረሶና አምባዛ ይህን ያህል አለመቀነሳቸው ለጉዳዩ ግልጽ ማስረጃ ሆኖ ቀርቧል። ልዩነቱ የመጣው ነጭ ዓሣ ለመራባት በአንድ ቦታና በአንድ ወቅት የሚከማች በመሆኑ ነው።

የመጥፋት አደጋው በግምት ላይ ብቻ የተመሠረተ እንዳልሆነ ለማሳየት የፊሊፒንሱ የላናኦ ሐይቅ ይጠቀሳል። ይህ ሐይቅ እንደ ጣና ሁሉ በራሱ ውስጥ ብቻ የሚገኙ፣ ከነጭ ዓሣ ጋር የሚዛመዱ በርካታ ዝርያዎች ነበሩት። ከልክ ያለፈ አስገራና ከውጭ የገቡ ዓሦች ተደማምረው እነዚህን ዝርያዎች ከሞላ ጎደል አጥፍተዋቸዋል። የጣና ነጭ ዓሣ በዓለም ተመራማሪዎች ዘንድ ልዩ ትኩረት የሚሰጠውም ከዚህ በመነሣት ነው።

ከአስገራው ሌላ

ለመመናመኑ ተጠያቂው አስጋሪው ብቻ ነው ማለት አይቻልም። በተራቆተው ተዳፋት ላይ የሚወርደው የክረምት ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ወደ ወንዞቹ ያስገባል፤ ደለሉም የመራቢያውን ጠጠር ይሸፍናል። ከወንዞቹ ወለል ለግንባታ የሚወጣው አሸዋና ጠጠር የመራቢያ ስፍራውን ያበላሻል። በበጋ ለመስኖ የሚጠለፈው ውኃ ከመጠን ሲያልፍ በወንዙ ኩሬዎች የቀሩት ጫጩቶች ወደ ሐይቁ ሳይመለሱ ይቀራሉ። በርብ ወንዝ ላይ እንደተሠራው ያለ ግድብም ለመስኖ ልማት ከሚሰጠው ጥቅም ጎን ለጎን የዓሣውን መተላለፊያ ጉዳይ ያስነሣል።

በሐይቁ ላይም ለውጦች ታይተዋል። በ1988 ዓ.ም በዓባይ መውጫ ላይ የተጠናቀቀው የጨረጨራ መቆጣጠሪያና በ2002 ዓ.ም ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ የሐይቁ ውኃ መጠን በሰው እንዲወሰን አድርገዋል። በ2004 ዓ.ም በሐይቁ መኖሩ የታወቀው የእምቦጭ አረም ደግሞ በተለይ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ የጀልባ መተላለፊያንና የመረብ መጣያ ስፍራን ሸፍኗል። አረሙ ክረምቱ የሚያመጣውን ማዳበሪያና ደለል እየተመገበ ስለሚስፋፋ፣ የመከላከሉም ሥራ ከደጋው የአፈር ጥበቃ ተለይቶ ሊታይ አይችልም።

ሕጉ ምን ይላል

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በፌዴራል ደረጃ ወጥቷል። የአማራ ክልልም የራሱን የዓሣ ሀብት ሕግ አውጥቷል። የሕጎቹ ዓላማ የዓሣ ዝርያዎችንና መኖሪያቸውን መጠበቅ፣ ከልክ ያለፈ አስገራን መከላከልና የምርቱን አቅርቦት ማሳደግ ነው። ሐይቁና አካባቢውም በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ስለሆነም የጎደለው የሕግ ማዕቀፍ ነው ለማለት አያስደፍርም።

ችግሩ ያለው በአፈጻጸሙ ላይ ነው። ሐይቁን በርካታ ወረዳዎች ይጋሩታል፤ በአንዱ ወረዳ የተከለከለ አስጋሪ መረቡን በሌላው ወረዳ ዳርቻ ሊጥል ይችላል። ዓይኑ ጠባብ የሆነ ስስ መረብ በርካሽ ይገኛል፤ ትንንሾቹን ዓሦችም ጠራርጎ ያወጣል። በወንዞች ላይ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ፈጭቶ በመበተን ዓሣውን በማደንዘዝ የመያዝ የቆየ ልማድ ሙሉ በሙሉ አልቀረም። በዚህ ላይ የክረምቱ መንገድ ለተቆጣጣሪ አመቺ አይደለም፤ ቁጥጥር ይበልጥ የሚያስፈልግበት ወር ባለሙያው በቀላሉ ወደ ስፍራው ሊደርስ የማይችልበት ወር ነው።

ከአስፈጻሚ አካላት የሚጠበቀው

በመጀመሪያ ደረጃ ትኩረቱን ጠበብ ማድረግ ይጠቅማል። ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የውኃ አካል ላይ ዓመቱን ሙሉ ቁጥጥር ማድረግ ለማንም አዳጋች ሲሆን፣ የጥቂት ወንዞችን መግቢያ ለሁለትና ለሦስት ወር መጠበቅ ግን በወረዳና በቀበሌ አቅም የሚቻል ነው። ለዚህም አጎራባች ወረዳዎች ከሰኔ ወር በፊት በጋራ ተወያይተው ክልከላው የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቀን ተመሳሳይ ማድረግ ይኖርባቸዋል። በባሕር ዳር የሚገኘው የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል በዚህ ረገድ የሚሰጠው ሙያዊ ምክር ጠቃሚ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የአስጋሪው ገቢ ነው። ክልከላው የሚውለው ቤተሰቡ ገንዘብ በእጅጉ በሚፈልግበት ወቅት መሆኑ ካልታሰበበት፣ መረቡ በቀን ቢከለከል በሌሊት መጣሉ አይቀርም። በመሆኑም አስጋሪዎች ክልከላው ሳይጀምር በኅብረት ሥራ ማኅበራቸው በኩል እንዲቆጥቡ ማበረታታት፣ በወቅቱ በሚካሄዱ የአረም ማስወገድና የችግኝ ተከላ ሥራዎች ቅድሚያ መስጠት፣ እንዲሁም ከወንዝ መግቢያ ርቀው በሕጋዊ መረብ ቀረሶ እንዲያሰግሩ መፍቀድ እንደ አማራጭ ሊታዩ ይችላሉ። ወንዙን የሚያውቀው ነዋሪው በመሆኑ፣ ጥበቃውም አስጋሪው ራሱ የሚሳተፍበት ሲሆን የተሻለ ውጤት ይኖረዋል።

ሦስተኛው ጉዳይ የደጋውን ሥራ ከሐይቁ ጋር አያይዞ ማየት ነው። በጉና ተዳፋት ላይ የሚሠራ እርከን በርብና በጉማራ ጠጠር ላይ የሚያርፈውን ደለል ይቀንሳል። ይህ ለጣና ተፋሰስ ብቻ የሚነገር አይደለም። በቢቸና፣ በሞጣና በአማኑኤል አካባቢ ክረምቱ የሚያጥበው የምሥራቅ ጎጃም አፈር ወደ ጣና ባይገባም፣ በገባር ወንዞች አማካይነት ወደ ዓባይ ይወርዳል። በ2017 ዓ.ም መጨረሻ የተመረቀው የታላቁ ኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የፈጠረው ንጋት ሐይቅ የዚህ ውኃ ማረፊያ ሲሆን፣ በዚያም የዓሣ ማስገር ሥራ ተጀምሯል። ጣና በአርባ ዓመት ያሳየው ትምህርት ለአዲሱ ሐይቅ ከወዲሁ ሊያገለግል ይገባል።

ነጭ ዓሣ ተፈልፍሎ ለመራባት እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ዘንድሮ በወንዝ መግቢያ የተፈጸመው ጥፋት ወይም የተደረገው ጥበቃ በዘንድሮ ገበያ ላይ አይታይም፤ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ አስጋሪው መረቡን ሲስብ ነው። በሥራ ዕቅድ ዝግጅት ወቅትም የክረምቱ የወንዝ መግቢያ ጥበቃ በሰኔ ወር ከሚታሰቡት ቀዳሚ ተግባራት አንዱ ሊሆን ይገባል።