የብር ምንዛሪና የገበሬው የፀሐይ መብራት

የኤሌክትሪክ መስመር ባልተዘረጋባቸው የገጠር ቀበሌዎች ኩራዝን በመተካት ላይ የሚገኘው የፀሐይ መብራት በዶላር ተገዝቶ ከውጭ አገር የሚገባ ዕቃ ነው። ስለሆነም የብር ምንዛሪ ሲቀንስ ጉዳዩ የባንክና የአስመጪ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ እስከ ገበሬው ጎጆ ይዘልቃል።

በ1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ከፍ ማለቱ ይታወሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። በዚህ ስሌት የ20 ዶላር መብራት ከ1,140 ብር ተነሥቶ 2,000 ብር ይደርሳል፤ የማጓጓዣው ወጪና የነጋዴው ትርፍ ገና አልታሰበም።

ቡና አምራቹ ምርቱ በዶላር ስለሚሸጥ ከጭማሪው ሊካፈል ይችላል፤ ያውም ነጋዴው ካካፈለው ነው። ገብሱን አህያ ላይ ጭኖ ለቅርብ ገበያ የሚያወጣው ገበሬ ግን ይህ ዕድል የለውም። ወደ ኩራዙ እመለሳለሁ ቢልም ነጭ ጋዙም የሚገባው በዶላር ነው። የሚቀለው መንገድ መብራቱ ሲደክም ባትሪውን ብቻ አስለውጦ መገልገል ሲሆን፣ ለዚህም ጠጋኙ በገበያ ቀን በአቅራቢያው ሊገኝለት ይገባል።