ምጣዱ ሲሰካ መብራቱ ለምን ይደበዝዛል?

እዚህ ቶሮንቶ፣ ዌስተን ውስጥ በአሮጌ ፎቆች የምንኖር አበሾች አንድ የጋራ ጥያቄ አለን። የእንጀራው ምጣድ ሲሰካ መብራቱ ለምን ደብዘዝ ይላል? ጎረቤቶቼ «አንተ መሐንዲስ ነህ» እያሉ ስለሚጠይቁኝ መልሱን በጽሑፍ ላስቀምጠው።

ከሶኬቱ ጀርባ የግድግዳ ሽቦ፣ ብሬከር፣ ትራንስፎርመር፣ ከዚያም አልፎ ኃይል ማመንጫ አለ። ሁሉንም አንድ በአንድ ማስላት ማለቂያ የለውም። ደግነቱ አያስፈልግም። ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1853፣ ፈረንሳዊው የቴሌግራፍ መሐንዲስ ቴቬኒን በ1883 እንዳሳዩት፣ ቮልቴጅና ከረንት ተመጣጥነው የሚሄዱበት ሰርኪዩት የቱንም ያህል ቢወሳሰብ፣ ከሁለቱ የሶኬት ቀዳዳዎች ሲታይ በአንድ የቮልቴጅ ምንጭና በተከታታይ በተያያዘ አንድ ሬዚስታንስ ሊተካ ይችላል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ምጣዱ ሳይሰካ 120 ቮልት አለ እንበል። ምጣዱ 12 አምፔር ሲስብ ወደ 115.2 ወረደ። የጎደለው 4.8 ቮልት ለ12 ሲካፈል 0.4 ኦም ይሆናል። በዚያው መስመር ላይ ያለው አምፖልም የሚያገኘው 115.2ቱን ነው፤ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። 4.8 በ12 ሲባዛ ደግሞ 58 ዋት ያህል ሙቀት በመንገድ ላይ ይቀራል።

ይህንኑ ሥዕል መለወጥም ይቻላል። 120 ለ0.4 ሲካፈል የ300 አምፔር የከረንት ምንጭ ይሆናል፤ 0.4 ኦሙ ጎን ለጎን ይያያዛል። ይህን መልክ አሜሪካዊው ኖርተንና ጀርመናዊው ማየር በ1926 ለየብቻቸው አቀረቡት። ጎን ለጎን የተያያዙ ብዙ ምንጮች ሲኖሩ ከረንታቸውን መደመር ብቻ ስለሚበቃ ሥራ ያቀላል። 300 አምፔሩ ሽቦዎቹ ሾርት ቢያደርጉ የሚፈሰው ነው፤ ባለ 15 አምፔሩ ብሬከር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። እኩልነቱ ከውጭ ለሚያይ ብቻ ነው። ምንም ሳይሰካ የቴቬኒን ሥዕል ኃይል አያባክንም፤ የኖርተን ግን በወረቀት ላይ 36 ኪሎዋት ያቃጥላል! ስለዚህ ስሌቱ 58 ዋቱ ግድግዳው ውስጥ የት እንዳለ አይነግረንም። በረጅሙ ሽቦ ላይ ከተበተነ ጉዳት የለውም። አንድ የላላ ማያያዣ ላይ ከተጠራቀመ ግን ቤት ያቃጥላል።

የካናዳ የኤሌክትሪክ ኮድ በሕንጻ ውስጥ የሚወርደው ቮልቴጅ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል፤ በ120 ቮልት 6 ቮልት ማለት ነው። ሶኬት ላይ በሚሰካ መለኪያ ሁለቱን ቁጥሮች መዝግባችሁ ለሕንጻው አስተዳዳሪ በጽሑፍ ስጡ፤ «መብራቱ ይደበዝዛል» ከማለት ይሻላል። ሶኬቱ ከጋለ ወይም ከሸተተ ግን መለኪያም አትጠብቁ፤ ምጣዱን አጥፉ፣ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይምጣ።