ሚዛን ላይ የወጣው ባትሪ

ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወራችሁ ከባንኮኒው ጀርባ ስላለው ነው።

ዘጠኝ ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሞተርና ባትሪ ሸጫለሁ። የውሃ ፓምፕ፣ የሶላር ዕቃ፣ ጄኔሬተር፣ አልፎ አልፎም ለጀልባ የሚሆን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር። የተወለድኩት ግን አምባ ጊዮርጊስ ነው፤ ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ ጋቢ ከትከሻ የማይወርድበት ደጋ። ደገኛን ከጀልባ ምን አገናኘው? ጎርጎራ ነዋ! ከእኛ ተነስቶ ጎንደርን አልፎ ቁልቁል የወረደ ሰው ጣና ዳር ይደርሳል። አጎቴም በእህል ንግድ ያጠራቀሟትን ይዘው ወረዱና ከሚስታቸው ወንድም ጋር ለአንዲት የዓሣ ጀልባ ባለእኩል ሆኑ።

ለጥምቀት አገር ቤት ስገባ እህል መጋዘናቸው ውስጥ ሁለት ካርቶን አስቀምጠው ጠበቁኝ።

«ሞተሩ ይኸውልሽ፤ 55 ነው» አሉኝ ደስ ብሏቸው።

የእኔ ዓይን ግን ሌላኛው ካርቶን ላይ ነበር። ባትሪው ላይ።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ሻጭ የማይወደው ቦታ ነውና። ደንበኛ ሱቅ ሲገባ የሚያወራው ስለ ሞተሩ ነው። እኛም እናወራዋለን። እጀታውን እናስጨብጠዋለን፤ ከዋጋውም ላይ ትንሽ እንቀንስለታለን። ባትሪው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሰውዬው ልቡ ከወደደ በኋላ፣ ብሩን ሊቆጥር ሲል። «ለእሱ የሚሆን ባትሪም አለን» ይባላል። በቃ። ያኔ ማንም አይከራከርም፤ ማንም ገልብጦ አያይም። ትርፉ ያለው እዚያ ነው። ጉዱም እዚያው።

የአጎቴ ባትሪ ጎኑ ላይ 100 አምፔር-ሰዓት ይላል፤ በትልቁ፣ በቀይ። «አጎቴ፣ እስቲ ሚዛን ላይ ያውጡልኝ» አልኳቸው። ገብስ የሚመዝኑበት ሚዛን ላይ አወጡት።

17 ኪሎ።

እሳቸው ዝም፣ እኔም ዝም።

ምስጢሩ ይኸው ነው፦ እርሳስ አይዋሽም። እውነተኛ ባለ 100 የእርሳስ ባትሪ ከ27 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል። ጽሑፉን ማንም ማተሚያ ቤት ያትመዋል፤ ክብደቱን ግን የሚያትም የለም። ቀሎ የሚያምርበት ሊቲየም ብቻ ነው፤ እሱ በ11 እና በ13 ኪሎ መካከል ሆኖ ሙሉ አቅሙን ይሰጣል፤ ዋጋውም ያንኑ ያህል ይሰማል። ሌላም አለ። ብዙ ጊዜ «የጀልባ ነው» ተብሎ የሚወጣው ተራ የመኪና ባትሪ ነው። የመኪና ባትሪ ሥራው ለጥቂት ሰከንድ ሞተር አስነስቶ ማረፍ ነው። ሰዓታት ሙሉ ስትስቡት፣ ያውም በየቀኑ፣ ውስጡ ይፈራርሳል። የምትፈልጉት «ዲፕ ሳይክል» የሚባለውን ነው፤ በሶላር ዕቃ ቤቶች ይገኛል። ጠይቁ፤ የተመረተበትን ቀን እዩ፤ ከዚያ መዝኑ። የድንች ሚዛንም ይሆናል።

አሁን ወደዚያ ወደ 55 እንምጣ።

ካርቶን ስንደረድር ቁጥሩን ወደ ደጅ እናዞረዋለን። ለምን መሰላችሁ? ደንበኛው ቁጥሩን ፍጥነት ስለሚያደርገው ነው። 55 ፓውንድ ግን ፍጥነት አይደለም፤ የመግፋት ጉልበት ነው። ባለ 30ውም ባለ 55ቱም ትንሽ ጀልባ ላይ ቢታሰሩ የሚሄዱት ፈጠን ብሎ ከሚራመድ ሰው ብዙም ሳይርቁ ነው። ልዩነቱ የሚወጣው ጭነት ሲበዛና ነፋስ ሲነሳ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ለ50 ኪሎ ጭነት 1 ኪሎ ግፊት። የአጎቴ ጀልባ ከሁለት ሰው፣ ከመረብና ከዓሣ ጋር 500 ኪሎ ብትሆን 10 ኪሎ ግፊት ትፈልጋለች፤ በካርቶኑ ቋንቋ 22 ፓውንድ። ይህ ለረጋ ውሃ ነው። ጣና ከሰዓት በኋላ እንዴት እንደሚናወጥ ያየ ሰው እጥፉን ይይዛል። ስለዚህ 55ቱን አልነቀፍኩባቸውም፤ ጥሩ መርጠዋል።

ነገር ግን ባለ 55 ሞተር እስከ መጨረሻው ሲከፈት 50 አምፔር ገደማ ይጠጣል። የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ዕድሜ እንዲኖረው ከግማሽ በታች መውረድ የለበትም። እውነተኛው ባለ 100 እንኳ አንድ ሰዓት አይሞላም ማለት ነው። ያ ባለ 17 ኪሎው? ከጎርጎራ ሳይርቁ ያቆማቸው ነበር። ፍጥነቱን በግማሽ ሲቀንሱት ግን ያው ባትሪ ከሦስት እጥፍ በላይ ይቆያል። ልምድ ያላቸው ዓሣ አጥማጆች የማይሮጡት ለዚህ ነው።

ቀስ ማለትም ራሱ ምስጢር አለው። ረከስ ያለው ሞተር አምስት ማርሽ አለው፦ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ያ ማርሽ ትርፉን ኃይል በጥቅል ሽቦ ውስጥ አሙቆ ነው የሚጥለው። ቀስ ብላችሁ ትሄዳላችሁ፤ ባትሪው ግን የሚገባውን ያህል አያርፍም። ሌላው ዓይነት እጀታው ያለ ቀጭታ ልስልስ ብሎ የሚዞረው ነው፤ የሚወስደው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው። ሱቅ ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን አዙሩ፤ እጃችሁ ራሱ ይነግራችኋል። ገንዘባችሁን ማዋል ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው። «ለጨው ውሃ የተሠራ» ለሚለው ግን አትጨምሩ። ያ ለባሕር ነው፤ ዝገት የሚከላከል ቀለምና የዚንክ ቁራጭ ነው ያለው። የጣና ውሃ ይጠጣል እኮ!

ይህ ዓይነቱ ሞተር ሲፈጠርም ለሩጫ አልነበረም። ጉስታቭ ትሩቬ የሚባል ፈረንሳዊ በ1881 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የኤሌክትሪክ ጀልባ በሴን ወንዝ ነድቷል። ዛሬ ካርቶን ውስጥ የምታዩትን ዓይነት የሠራው ግን አሜሪካ ውስጥ ፋርጎ ከተማ የነበረ ሽሚት የሚባል ሰው ነው፤ በ1934 እ.ኤ.አ.። የሚመቸውም ዓሣው ሳይደነግጥ ቀስ ብሎ ለመጠጋት ነው። በዚህ ሞተር ጣናን ከዳር እዳር ላቋርጥ ካላችሁ ተውት፤ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዳር ዳሩን፣ ማታ መረብ ለመጣልና ጠዋት ለማንሳት ከሆነ ግን እንደሱ የሚሆን የለም።

ሌላ የማይነገር ነገር ልጨምርላችሁ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ የቤንዚን ሞተር አየር ያጥረውና ከጉልበቱ ከስድስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው በባሕር ወለል ላይ የሚሰጠው ጉልበት ነው። የኤሌክትሪኩ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ከፍታ ግድ አይሰጠውም። ቤንዚን በጀሪካን ፍለጋ መንከራተቱም ይቀራል። ቻርጅ ስታደርጉም ትንሽ ፈገግ በሉ፦ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ የሚዞረው በዚሁ ሐይቅ ውሃ ነው።

እንቦጭስ? ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ የወረረው አረም ለፕሮፔለር ጠላት ነው። ባለ ሁለት ክንፍ፣ ጫፉ ወደ ኋላ የተቆለመመውን ፕሮፔለር ጠይቁ፤ አረሙን እያንሸራተተ ያልፋል። በባትሪውና በሞተሩ መካከልም ባለ 50 ወይም ባለ 60 አምፔር ባልቦላ ይግባ። ፕሮፔለሩ አረም ውስጥ ተቀርቅሮ ሲቀር የሚቃጠለው ሽቦው ነው፤ ከሽቦው ቀጥሎ ጀልባው።

አንድ ነገር ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ እናገራለሁ። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ጣና ላይ አብረው የገቡት በ1978 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ታንኳ ነበር፣ ደንገል ነበር። ሞተሩ አጥማጁን ወደ ወንዝ አፍ አደረሰው፤ ነጭ ዓሣ ደግሞ በክረምት ሊራባ የሚሰበሰበው እነመገጭ፣ እነርብ፣ እነጉማራ አፍ ላይ ነው። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቀ። አብዛኞቹ ዝርያዎቹ በዓለም ሌላ ቦታ አይገኙም! ድምፅ የሌለው ሞተር ደግሞ ማንም ሳይሰማ እዚያ ያደርሳል። ለአጎቴ እንዲህ አልኳቸው፦ «የሚስትዎ ወንድም ክረምት ላይ ወንዝ አፍ የሚሄድ ከሆነ ባትሪውን ነቅለው መጋዘን ይክተቱት።» «እሺ ልጄ» አሉኝ፤ ለሚስታቸው ወንድምም እዚያው ደወሉ።

የመጨረሻው የሞተር ገዳይ ክር ነው፤ ይህን ሱቅ ውስጥ በፍጹም አትሰሙትም። የመረብ ናይለን ይበጠስና ከፕሮፔለሩ ጀርባ ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል። ከውጭ አይታይም። እየዞረ፣ እየጠበቀ ሄዶ ውሃ የሚከለክለውን ጎማ እንደ ቢላ ይቆርጠዋል። ውሃ ገባ፣ ሞተሩ ሞተ። ዋስትናውም አይሸፍነውም። መድኃኒቱ አንድ ኪያቤ ነው፦ ዳዶውን ፍቱ፣ ሮንዴላውን አውጡ፣ ፕሮፔለሩን ጎተት አድርጉና ዘንጉን በጣታችሁ ዳብሱ።

አጎቴ ባትሪውን መለሱና ልዩነቱን ከፍለው 29 ኪሎ የሚመዝን አመጡ፤ ሻጩ ፊት ሚዛን አስመጥተው ነው አሉ። የሚስታቸው ወንድም ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ፕሮፔለሩን አውልቆ ፎቶ ይልክልኛል። ባለፈው ቅዳሜ ዘንጉ ላይ አረንጓዴ ክር ነበር፤ ሁለት ዙር፣ ገና ያልጠበቀ።