ማኒኮቶ ሲያረጅ

ከመሐል ሜዳ ወደ ራቤል ለሚጓዝ አሮጌ መኪና ከዳገቱ ይልቅ የሚያሰጋው ማኒኮቶው ነው፤ ይኸውም በራዲያተሩና በሞተሩ መካከል ውሃ የሚያመላልሰው የጎማ ቱቦ። የድሮዋ ቮልስዋገን በአየር ስለምትቀዘቅዝ ባለቤቷ ይህን ገጽ ይለፈው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በ3000 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተርም በደኅናው ጊዜ የሚሠራው በዚያው ሙቀት አካባቢ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው በራዲያተሩ ክዳን የታፈነው ግፊት ነው። ማኒኮቶው ከተሰነጠቀ ግፊቱ ይወጣል፣ ውሃው ይንተከተካል፣ የሞተሩም ቴስታታ ይጣመማል።

እንግዲህ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቱቦውን በጣት ጫን አድርጎ መሞከር ነው። የላሸቀ፣ የደረቀ ወይም ጫፉ ያበጠ ከሆነ ዕድሜው አልቋል።

ሲቀየር ውሃውን በባልዲ ማጠራቀም፤ ማጥበቂያውን በካቻቢቴ ማላላት። ቱቦው እንቢ ካለ በምላጭ መሰንጠቅ እንጂ በጉልበት መሳብ አይገባም፤ የራዲያተሩ አንገት ስስ ነውና። ዝገቱን ጠርጎ አዲሱን ማስገባትና ማጥበቅ፤ ውሃ ሞልቶ፣ ሞተሩን አስነሥቶ አየሩ እስኪወጣ መጠበቅ። መንዝ ውርጭ ስለሚጥልበት አንቲፍሪዝ መጨመር ይበጃል።

በትኩሱ ክዳን የሚከፍት ግን ፊቱን ያቃጥላል። ትርፍ ማኒኮቶም ከትርፍ ጎማ ጎን ይቀመጥ።