ሣጥን ሰቅሎ ሀሳብ መጠበቅ
እውነት ወይስ ተረት? ስለ ፈጠራ በሥራ ቦታ

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ ባለው መንገድ የባቡር ጣቢያም፣ የጥጥ እርሻም፣ የምርምር ማዕከልም፣ ዩኒቨርሲቲም፣ የክልል ቢሮም አለ። የሥራው ዓይነት ይለያያል፤ ስለ ሠራተኛ ፈጠራ የሚባለው ግን ከቦታ ቦታ ብዙም አይለይም። ጥቂቱን እናበጥረው።

«ፈጠራ የተማረ ሰው ሥራ ነው።» ተረት። ስለሺ ሰማውና የሥራ ባልደረቦቹ በ1989 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1997) ይፋ ያደረጓቸው፣ በአፋር ጎና የተገኙ የድንጋይ መሣሪያዎች ዕድሜያቸው 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ድንጋይን በድንጋይ መትቶ ስለት ያወጣው ፍጡር የምስክር ወረቀት አልነበረውም። ይህን እንደ ቀልድ ብንወስደው እንኳ በዚያው በአፋር ምድር የኛ ዘመን ማስረጃ አለ። በመካከለኛው አዋሽ፣ አራሚስ በተባለው ቦታ፣ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረው የሰው ዘር ዝርያ የተሰየመባቸውን ጥርሶች በታኅሣሥ 1986 ዓ.ም ያገኘው ጋዳ ሀመድ የሚባል አፋር ነው። ዝርያው በ1987 ዓ.ም ኔቸር በተባለው መጽሔት ለዓለም ሲታወቅ በጽሑፉ ሰንጠረዥ ላይ ከእያንዳንዱ ቅሪት ጎን የአግኚው ስም ሰፍሯል፤ የፕሮፌሰሮቹም፣ የጋዳም። በዚያው ዓመት «አርዲ» የምትባለውን አፅም የመጀመሪያ አጥንት ያገኘው ደግሞ ያኔ ገና ተማሪ የነበረው ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ነበር። ዮሐንስ ከዓመታት በኋላ በወራንሶ ሚሌ የራሱን ቡድን ሲመራ፣ በየካቲት 2008 ዓ.ም የ3.8 ሚሊዮን ዓመቱን የራስ ቅል የላይኛ መንጋጋ መጀመሪያ ያየው የአካባቢው አፋር ነው። ሳይንቲስቱ አጥንቱ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ መሬቱን ዕለት ዕለት የሚረግጠው ሌላ ሰው ነው። በፋብሪካም ማሽኑ ከመቆሙ በፊት ድምፁ መለወጡን የሚሰማው አጠገቡ የሚውለው ኦፕሬተር እንጂ የመምሪያ ኃላፊው አይደለም።

«የሀሳብ መስጫ ሣጥን ከተሰቀለ ሀሳብ ይመጣል።» ተረት፤ ከሁሉም የበለጠ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ብዙውን ጊዜ በሣጥኑ ላይ የሚጻፈው «የሀሳብና ቅሬታ ማቅረቢያ» የሚል ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲታተሙ ሀሳብ ያለው ሠራተኛ ቅሬታ አቅራቢ መስሎ እንዳይታይ ይፈራል። ፍርሃቱ ከግምገማ ስብሰባዎች የተረፈ ልማድ ይመስለኛል። ሣጥኑ ራሱ ግን ጥፋት የለበትም። ቶዮታ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንሥቶ የሠራተኞቹን ሀሳብ በጽሑፍ ይሰበስባል፤ ሥርዓቱን ያቆየው የቀረበው ሀሳብ መልስ ማግኘቱ ነው። «ተቀብለናል፤ በዚህ ቀን እንሞክረዋለን» ወይም «በዚህ ምክንያት አይሆንም» የሚል መልስ። በኛም አገር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ፣ በ2011 የራሱ ኢንስቲትዩት የተቋቋመለት ካይዘን የተባለው የጃፓን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ግን ዕቃ በየፈርጁ አስቀምጦ ወለል ላይ ቀለም መቀባት ቀላል በመሆኑ ብዙ ቦታ ትምህርቱ እዚያ ላይ ይቆማል።

መልስ የመስጠት ሥርዓት ለማየት አፋር ውስጥ ያለ ሰው ጃፓን ድረስ መሄድ አያስፈልገውም፤ ዳጉ አለ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቢቸኩሉም ቆም ብለው፣ ብዙ ጊዜም ቁጭ ብለው፣ ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፦ ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሹ እንዴት ነው፣ ሰላም አለ ወይ፣ ማን ታመመ። ሰሚው ዝም ብሎ አይሰማም። «አንተ ራስህ አይተሃል ወይስ ሰምተህ ነው? ከማን?» እያለ ያጣራል፤ የሰማውን ለሌላ የማድረስ ግዴታም አለበት። ሐሰት ያወራ ይጠየቃል። ሰመራ ያለ መሥሪያ ቤት የሰኞ ጠዋት ስብሰባውን በዚህ መንገድ ቢመራ፣ ተናጋሪው ያየውን ይዞ ይመጣል፤ ሰሚውም ጥያቄ ይዞ ይጠብቀዋል። ዛሬ በብዙ ቦታ የሚሆነው ግን ኃላፊው ተናግሮ ሌላው ማስታወሻ መያዙ ነው።

«ሁሉም በአንድ ላይ ተሰብስቦ ሀሳብ ቢያዋጣ ይሻላል።» ግማሽ እውነት። እ.ኤ.አ. በ1958 በዬል ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ ለየብቻቸው ያሰቡ ሰዎች ሀሳብ ሲደመር አብረው ተቀምጠው ካሰቡት ይበልጣል። በስብሰባ አንዱ ሲናገር ሌላው ተራ ይጠብቃል፤ እስኪደርሰው ያሰበውን ይረሳል፣ ወይ አለቃው የተናገረውን ይደግማል። መጀመሪያ እያንዳንዱ በወረቀት ይጻፍ፣ ከዚያ ይወያዩ። የኃላፊው ወረቀት መጨረሻ ላይ ይነበብ።

«ችግር ብልሃትን ይወልዳል፤ ጫና ያስፈልጋል።» የሐርቫርዷ ቴሬሳ አማቢሌ ከባልደረቦቿ ጋር ከ9,000 በላይ የሠራተኞች የዕለት ማስታወሻዎችን መርምራ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተመችው ጽሑፍ ሰዎች በጊዜ ጫና በተዋከቡባቸው ቀናት ፈጠራቸው እንደሚቀንስ ይናገራል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ሰመራ፣ መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው በቆመበት ከሰዓት «ፍጠሩ» ማለት ሰውን ማድከም ነው።

«ሽልማቱ ዳጎስ ካለ ፈጠራው ይመጣል።» እ.ኤ.አ. በ1962 ሳም ግላክስበርግ ባደረገው ሙከራ፣ መላ በሚሻ እንቆቅልሽ ላይ ገንዘብ ቃል የተገባላቸው ሰዎች ካልተገባላቸው ይልቅ ዘገዩ። ደመወዝ ግን በሰዓቱ ይከፈል፤ ይህ ሌላ ጉዳይ ነው።

«ፈጠራ የአንድ ቅጽበት ብልጭታ ነው።» ተረት። ስንዴ የደጋና የወይና ደጋ ሰብል ነው ሲባል ኖሯል። የአፋሩ የወረር ግብርና ምርምር ማዕከል ያለው ከባሕር ወለል በላይ 740 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጥጥ በሚበቅልበት ሜዳ ነው። ዛሬ ከዚያ የወጡ ፈንታሌና አሚባራ የተባሉ ሙቀት የሚችሉ የስንዴ ዝርያዎች አሉ። መንገዱ አሰልቺ ነው፦ ብዙ ዓይነት ዘር በትንንሽ መደብ ይዘራል፣ ቀዝቀዝ በሚለው ወቅት በመስኖ ውሃ ይጠጣል፣ አብዛኛው ይወድቃል፤ የተረፈው በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይዘራል፣ እንደገና ይጣላል። የወደቀውም ለምን እንደወደቀ ይመዘገባል። የመሥሪያ ቤቶቻችን የሩብ ዓመት ሪፖርት ግን ዕቅድ፣ ክንውን፣ አፈጻጸም በመቶኛ የሚሉ ዓምዶች ብቻ ናቸው ያሉት። ሞክሮ ያልሆነለት ሠራተኛ ውጤቱን የሚጽፍበት ቦታ ስለሌለ በመቶኛው ላይ ጉድለት ሆኖ ይቆጠርበታል። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት አይሞክርም፤ ቅጹ ላይ አንድ ዓምድ መጨመር ደግሞ በጀት አይጠይቅም።